በትምህርት ቤቶች የንግግርና የቋንቋ ድጋፍ ሙያ፦ ምንነቱ፣ ሥልጠናውና የሥራ መስኩ

በመማሪያ ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ፣ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ፣ በንባብ ሰዓት ድምፁ የማይሰማ ተማሪ ብዙውን ጊዜ "ዓይን አፋር" ወይም "ሰነፍ" ተብሎ ይታለፋል። "ዝም አይነቅዝም" በሚባልበት ኅብረተሰብ ዘንድ ዝምተኛ ልጅ ጨዋ ተብሎ ሊመሰገንም ይችላል። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ግን ችግራቸው የጠባይ ወይም የትጋት ማነስ ሳይሆን የመስማት፣ የንግግር ወይም የቋንቋ ዕድገት እክል የሆነ ይገኙበታል። በወቅቱ ድጋፍ ካላገኙ ንባብና ጽሕፈት ይከብዳቸዋል፤ ክፍል ይደግማሉ፤ በመጨረሻም ትምህርታቸውን እስከማቋረጥ ይደርሳሉ።

እነዚህን ሕፃናት ለይቶ የማወቅና የመርዳት ተግባር የንግግርና የቋንቋ ቴራፒ የተባለው ሙያ ድርሻ ነው። ሙያው በኢትዮጵያ ገና በጅምር ላይ ያለ ሲሆን፣ የሕፃኑን ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ ባለሙያ የሚሻ በመሆኑ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ለሚሠሩ ወጣቶች ሰፊ የሥራ መስክ ነው።

የሙያው ምንነት

በዚህ ሙያ ንግግርና ቋንቋ ተለያይተው ይታያሉ። ንግግር ምላስ፣ ከንፈር፣ ላንቃና ጉሮሮ ተቀናጅተው ድምፅ የሚፈጥሩበት ተግባር ነው። ቋንቋ ደግሞ ቃላትን የማወቅ፣ በሥርዓት የማገጣጠም፣ የሰሙትን የመረዳትና ሐሳብን የመግለጽ ችሎታ ነው። "ር" የሚለውን ድምፅ "ል" ወይም "ይ" እያለ የሚኮላተፍ ልጅ የንግግር እክል ሊኖረው ይችላል፤ ቃላትን አጥርቶ እየተናገረ የታዘዘውን የማይረዳ ወይም የሰማውን ተረት መልሶ መናገር የማይችል ልጅ ደግሞ ችግሩ የቋንቋ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያው በትምህርት ቤት ከሚያጋጥሙት ጉዳዮች ዋና ዋናዎቹ ኮልታፋነት፣ መንተባተብ፣ የቋንቋ ዕድገት መዘግየት፣ ከኦቲዝም፣ ከአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ከመስማት ችግር ጋር የተያያዙ የመግባባት እክሎች እንዲሁም የላንቃ መሰንጠቅ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሊያስከትል የሚችለው የድምፅ ችግር ናቸው።

ሕፃናት በአብዛኛው በ1 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ የመጀመሪያ ቃላቸውን ያወጣሉ፤ በ2 ዓመት ገደማ ሁለት ቃላትን ማያያዝ ይጀምራሉ። ከዚህ በእጅጉ የዘገየ ሕፃን ሲያጋጥም መቅደም ያለበት የመስማት ምርመራ ነው። በተደጋጋሚ ጆሮው የሚያመረቅዝ ልጅ የመምህሩን ድምፅ አጥርቶ ላይሰማ ይችላል፤ ይህ ሳይመረመር "ትምህርት አይገባውም" ብሎ መደምደም ሕፃኑን መበደል ይሆናል።

የልጁን ቋንቋ የማወቅ አስፈላጊነት

በሌላ አገር ቋንቋ የተዘጋጀን መመዘኛ ተርጉሞ መጠቀም ለትክክለኛ ውጤት አያበቃም። አማርኛ የራሱ የድምፅና የሰዋስው ባሕርይ አለውና። ለምሳሌ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ እና ጰ የሚባሉት ድምፆች በእንግሊዝኛ መመዘኛዎች ውስጥ አይገኙም። "ጤፍ" ለማለት "ቴፍ"፣ "ቀለም" ለማለት "ከለም" የሚል ልጅ ችግሩ የሚታወቀው በአማርኛ ሲመዘን ብቻ ነው።

መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው። "ገና" ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ "ዋና" ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍን፣ ሲጠብቅ ቁልፍ የሆነን ነገር ይገልጻል። ፊደሉ ይህን ልዩነት ስለማያሳይ ባለሙያው በጆሮው መለየት ይኖርበታል።

በሰዋስው ረገድ "እንዳልነገረችን" የሚለውን አንድ ቃል ብንወስድ፣ ድርጊቱ አለመፈጸሙን፣ ባለቤቷ ሴት መሆኗን፣ ተቀባዮቹ እኛ መሆናችንንና ቃሉ ከሌላ ሐሳብ ጋር መያያዙን በአንድነት ይገልጻል። የቋንቋ ዕድገቱ የተስተጓጎለ ልጅ የሚቸገረው እንዲህ ባሉት ቅጥያዎች ላይ ሊሆን ይችላል። የአፋን ኦሮሞ፣ የትግርኛ፣ የሶማሊኛ፣ የሲዳምኛም ሆነ የሌሎች ቋንቋዎች ተናጋሪ ሕፃናትም በየቋንቋቸው የተዘጋጀ መመዘኛ ያስፈልጋቸዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የቋንቋ ልዩነትና የቋንቋ እክል ሊምታቱ አይገባም። በቤቱ ሌላ ቋንቋ እየተናገረ በአማርኛ ትምህርት የጀመረ ሕፃን በአማርኛ ቢሳሳት ገና እየተማረ ነው እንጂ እክል አለበት ማለት አይደለም። እክል ካለ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታያል። ሁለት ቋንቋ መማር በራሱ የቋንቋ እክል አያመጣም።

የሕግና የፖሊሲ መሠረት

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች አቅሙ በፈቀደ መጠን ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም ወጥቶ በ2004 ዓ.ም ተሻሽሏል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አካል ጉዳተኞች በአካቶ ትምህርት የመማር መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል።

የሥራ መስኮች

በዚህ ዘርፍ መሠማራት የሚሻ ሰው ከአንድ በላይ አማራጭ አለው።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርነት ቀዳሚው ነው። መምህሩ በመደበኛ ትምህርት ቤት ወይም በድጋፍ መስጫ ማዕከል ተመድቦ ለእያንዳንዱ ተማሪ የግል የትምህርት ዕቅድ ያዘጋጃል፤ የክፍል መምህራንንና ወላጆችን ያማክራል።

የንግግርና የቋንቋ ቴራፒስት እክሉን ይመረምራል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ ልምምድ ይሰጣል። የላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ድምፁን አስተካክሎ ለማውጣት የሚያደርገው ልምምድ በሆስፒታል ተጀምሮ በትምህርት ቤት የሚቀጥል በመሆኑ ባለሙያው ሁለቱን ተቋማት የሚያገናኝ ድልድይ ነው።

የምልክት ቋንቋ መምህርነትና አስተርጓሚነት ሌላው ዘርፍ ነው። የምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ስለሆነ፣ መስማት ለተሳነው ሕፃን በጨቅላነቱ ማግኘቱ ለአእምሮ ዕድገቱ ወሳኝ ነው።

የቋንቋ ጥናት ምሩቃን ደግሞ በመመዘኛ ዝግጅት፣ በመጽሐፍና በመርጃ መሣሪያ ሥራ ሊሳተፉ ይችላሉ። በዚህ ረገድ በአርአያነት የሚጠቀሱት እ.ኤ.አ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱትና እ.ኤ.አ በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የአገሩን ፊደል ድምፆች መሠረት በማድረግ "አቡጊዳ ፎኔቲክስ" የተሰኘ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል።

ሥልጠና

በአገር ውስጥ የተለመደው መግቢያ በልዩ ፍላጎት ትምህርት መመረቅ ነው። ትምህርቱ በአዲስ አበባና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሰጡት መካከል ይገኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋንና የሥነ ልሳን ትምህርትንም ይሰጣል። በምሥራቅ አፍሪካ ደረጃ የኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ2008 የንግግርና የቋንቋ ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ጀምሯል።

ሠልጣኙ የሰውነት አካላትን አሠራር፣ የድምፅ ጥናትን፣ የሕፃናት ዕድገትንና የሥነ ልቦና ትምህርትን ይማራል። ከዚህ ባሻገር ትዕግሥት፣ ጥሩ ጆሮና ከቤተሰብ ጋር የመግባባት ችሎታ ይጠይቀዋል። ውጤቱ በሳምንታት ሳይሆን በወራትና በዓመታት የሚታይ ሥራ ነውና።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን

በዩናይትድ ስቴትስ የሙያው ማኅበር እ.ኤ.አ በ1925 የተቋቋመ ሲሆን፣ በንግግርና በቋንቋ የማኅበሩን ሙሉ የብቃት ማረጋገጫ ለማግኘት የማስተርስ ዲግሪ፣ 400 ሰዓት ክትትል የሚደረግበት የተግባር ሥልጠና፣ ከምረቃ በኋላ ቢያንስ 36 ሳምንት የሙያ ልምምድና ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በረዳትነት ለመሥራት የሚጠየቀው መስፈርት እንደየግዛቱ ይለያያል።

የአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ፣ ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር፣ ሕፃኑ በራሱ ቋንቋ እንዲመዘን ያዛል። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የወጣ ሲሆን፣ የከተማዋ አስተዳደር መረጃ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በመሆኑም አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ሕፃኑ እክል ያለበት ወይስ እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያለ መሆኑን ለመለየት ከፍተኛ ድርሻ አለው። ወላጆችም በትምህርት ቤቱ ስብሰባ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላቸው። ልጁ እንግሊዝኛ ቶሎ እንዲለምድ በሚል ቤት ውስጥ አማርኛን መተው አስፈላጊ አይደለም፤ ይልቁንም ከአያቶቹና ከዘመዶቹ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ያጠብበታል።

ባለሙያ በሌለበት ምን ማድረግ ይቻላል?

ባለሙያ በሌለበት ትምህርት ቤት የክፍል መምህሩ የሚከተሉትን በቀላሉ ሊፈጽም ይችላል፦

- የመስማት ችግር የሚጠረጠርበትን ተማሪ ከፊት ማስቀመጥ፣ ፊት ለፊት እያዩ ማነጋገርና ወደ ጤና ጣቢያ መላክ፤
- የሚንተባተብን ተማሪ ቃሉን ሳይነጥቁ እስኪጨርስ መጠበቅና ጓደኞቹ እንዳይሳለቁበት መከላከል፤
- ረጅም ትእዛዝን ከፋፍሎ መስጠት፣ በሥዕልና በምልክት ማገዝ፤
- ልጁ የተሳሳተውን ቃል ሳይቆጡ አስተካክሎ መልሶ መናገር፤
- ተረትና እንቆቅልሽን ለማዳመጥና ለመናገር ልምምድ መጠቀም፤
- ወላጆችን ልጁ በቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ እንዴት እንደሚናገር መጠየቅና መዝግቦ መያዝ።

እንዲህ ያለው መዝገብ ባለሙያ በተገኘ ጊዜ ለምርመራው መነሻ ይሆናል። የትምህርት ሽፋን መስፋፋት ብዙ ሕፃናትን ወደ መማሪያ ክፍል አምጥቷል፤ ክፍል የገባው ሕፃን የሚባለውን እንዲረዳና የሚያስበውን እንዲናገር ለማብቃት ደግሞ በቋንቋው የሚያዳምጡት ባለሙያዎች ያስፈልጋሉ።