ከፍሬሽማን ኢንግሊሽ እስከ ታካሚው አልጋ

ብዙዎቻችን ፍሬሽማን ኢንግሊሽን የምናስታውሰው በፓራግራፍና በ«ቶፒክ ሴንተንስ» ነው። ኮርሱ ግን ከእኛ ባች በፊት ረጅም ታሪክ አለው። እንደ ሐኪም ሳየው ደግሞ አንድ ነገር እንደጎደለው ነው እስከ ዛሬ የዘለቀው።

ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ ላይ የተማረ ሰው የውጭ ቋንቋው በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲመጡ መምህሩም መጽሐፉም ከነሱ ዘንድ ይመጣ ጀመር፤ እንግሊዝኛ በዚያው ሥር ሰደደ። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። የሚያስቀው፣ ኮሌጁን የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማት ራሳቸው በፈረንሳይኛ አፋቸውን የፈቱ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ነበሩ።

ከአራት ዓመት በኋላ ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ጤና መኮንኖችን፣ የኮሚኒቲ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ያሠለጠነው በእንግሊዝኛ ነው። ተመራቂዎቹ ግን የሚሄዱት ወደ ጤና ጣቢያ ነበር። እዚያ የሚጠብቃቸው ሰው እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ብዙ ቦታ አማርኛም አያውቅም። በእንግሊዝኛ የተማሩትን እንዴት አድርገው ለዚህ ሰው እንደሚነግሩት ለራሳቸው ብልሃት ተተወ።

ከዚያ ወዲህ የተለዋወጠው የታችኛው ክፍል ነው። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል ማስተማሪያ ሆነ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፈተ። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ግን ከእንግሊዝኛ አልተነቃነቁም። ተማሪው በየትኛውም ቋንቋ ተምሮ ይምጣ፣ ግቢ ሲገባ የሚጠብቀው መልስ ያው አንድ ኮርስ ነበር። በ1990ዎቹ ፕሪፓራቶሪ መጣና ፍሬሽማን ቀረ፤ በ2012 ደግሞ ተመለሰ፣ እንግሊዝኛውም «ኮሚዩኒኬቲቭ» የሚል ስም ይዞ።

ስሙን እወደዋለሁ። ፓራግራፉንም አልንቅም፣ ሪፈራል ወረቀት ስጽፍ ዛሬም ይጠቅመኛል። ግን ኮሚዩኒኬሽኑ ከማን ጋር ነው? ኮርሱ ሁሌም ተማሪውን ያዘጋጀው ለመምህሩ፣ ለፈተናውና ለመጽሐፉ ነው። ዋርድ ስንገባ ሥራችን ሌላ ሆነ፤ ታካሚ በራሱ ቋንቋ የነገረንን ይዘን ለሲኒየር በእንግሊዝኛ ፕረዘንት ማድረግ፣ ከዚያ ሲኒየሩ ያለውን ይዘን ወደ ታካሚው መመለስ። ይህን ማንም በኮርስ አላስተማረንም።

ነገሩ ቀላል አይደለም እኮ። «ልቤን ያመኛል» ያለች ሴት ጨጓራዋን ልትል ትችላለች፣ ደረቷን ልትል ትችላለች። «ኩላሊቴን» የሚለው ብዙ ሰው ወገቡን ነው። ተማሪው ቸኩሎ አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ከመረጠ ቻርቱ ላይ የሚሰፍረው እሱ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል እዚያው አልጋው ጋ ይቀራል፣ ሲኒየሩም አይሰማውም። ታካሚው ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ተናጋሪ ሆኖ አስታማሚ ካስተረጎመለት ደግሞ ትርጉሙ ሁለት ጊዜ ነው።

መልሱም እንደዚያው ነው። «ደም ብዛት አለብህ» ስንለው ደሙ የበዛ የሚመስለው ሰው አለ። ራስ ምታቱ ሲተወው መድኃኒቱንም ይተዋል፣ ከርሞ ስትሮክ ይዞት ይመጣል። በደርግ ጊዜ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ ደክሟል። እኔ በተማርኩበት ዋርድ ግን ያንን ሥራ የሚያነሳ አልነበረም።

ከባቻችን ስንቶቻችሁ ዛሬ አስተማሪ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔ ራውንድ ላይ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ተማሪው ወደ እንግሊዝኛው ከመሄዱ በፊት ታካሚው ያለውን እንዳለ፣ በራሱ ቋንቋ፣ ይበልልኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ጣቱን የት አሳረፈ?» እላለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።