መድን ወይስ መድረስ? ዕድርን በኢንሹራንስ ሚዛን ስለመመዘን የቀረበ ተቃውሞ፤ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ

እ.ኤ.አ. በ2006 «ወርልድ ዴቨሎፕመንት» በተባለው መጽሔት የወጣው የስቴፋን ደርኮን፣ የዮአኪም ደ ዌርት፣ የቴሳ ቦልድና የአሉላ ፓንክረስት ጽሑፍ ዕድርን በቡድን የሚገባ የቀብር ኢንሹራንስ አድርጎ ይመለከተዋል። ስያሜው ምቹ ነው። ከምቾቱ የተነሣም ዛሬ በየስብሰባ አዳራሹ እንደ ፍቺ ሲጠቀስ እንሰማለን። የእኔ ጠብ ከዚህ ስያሜ ጋር ነው። ዕድር ገንዘብ እንደሚሰጥ የሚክድ የለም፤ ገንዘቡ ግን የዕድሩ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ሰው ሰው ቤት መድረሱ ነው። ዕድር ርኅራኄን በመተዳደሪያ ደንብ ጽፎ፣ በስም ጥሪ አረጋግጦ፣ ቀሪውን የሚቀጣ ተቋም ነው።

ቀደምቱን በአጭሩ ልለፍ። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ስለ መረዳጃ ማኅበራት ጽፈዋል። ደጀኔ አሬዶ እ.ኤ.አ. በ1993 ዕድርን እንደ ሀገር በቀል የፋይናንስ ተቋም አጥንተዋል። አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 የዕድርን ታሪክና በኤችአይቪ መከላከል ሊኖረው የሚችለውን ድርሻ መርምረዋል። ከእነዚህ ጋር ብዙ የምጣላበት የለኝም።

ወደ 2006ቱ ጽሑፍ ልመለስ። አጥኚዎቹ መረጃቸውን የሰበሰቡት ከኢትዮጵያ ገጠር መንደሮችና ከአንዲት የታንዛንያ መንደር ነው። ዕድር ግን ደንቡን፣ መዝገቡንና ማኅተሙን ይዞ የጎለመሰው በከተማ ነው፤ በአዲስ አበባ ያለውን ዕድር በገጠር መስተዋት ማየት ከመነሻው ያጠራጥራል። ለጽሑፉ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከጥሬ ገንዘቡ ሌላ የዓይነትና የጉልበት እርዳታ መኖሩን አልካደም። ችግሩ ይህን ሁሉ የክፍያው ተጨማሪ ማድረጉ ነው። እኔ ተገላቢጦሹን እላለሁ፤ ተጨማሪው ክፍያው ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃዬ ከቋንቋው ይነሣል። አማርኛ «አዘነ» ሲል የሞተበት ሰው ሐዘን ነው፤ «አዘነለት» ሲል የሌላው ሰው ርኅራኄ ነው። ሐዘንና ሐዘኔታ ከአንድ ሥር ይመዘዛሉ፤ ጎረቤት ወደ ለቅሶ ቤት የሚወስደው ምግብም «እዝን» ይባላል። የሟች ቤተሰብ፣ የጎረቤቱ ሆድ መባባትና በመሶብ የተሸከመው እንጀራ በአንድ ግንድ ላይ ተሰብስበዋል። ከቃል ሥር ተነሥቶ ስለ ሰው ልቡና መደምደም እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ራሱ «ለቅሶ መክፈል» አይልም፣ «ለቅሶ መድረስ» ይላል፤ ይህን እንደ ተራ አጋጣሚ የሚያልፍ ሰው አማርኛን ቢማር መልካም ነው።

ሁለተኛው ከጀሞ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ይነሣል። በ1990ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በዕጣ ያሰባሰባቸው ሰዎች ከየሰፈሩ የመጡና የማይተዋወቁ ነበሩ፤ አንዱ ከካዛንቺስ፣ አንዱ ከልደታ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ። በጀሞም በለቡም አዳዲስ ዕድሮች ተቋቋሙ። ጡሩንባው አራተኛ ፎቅ ላይ ላለ ሰው ስለማይሰማ መርዶው በስልክ መልእክት ይነገራል፤ ድንኳኑ በሁለት ብሎክ መካከል፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ይተከላል። አንድ እሑድ ጠዋት በዚህ ዓይነት ግቢ የዕድር ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዲት አባል ወርሃዊውን መዋጮ በቴሌብር ሳታስተጓጉል ትከፍላለች፤ እናቷ ባረፉ ጊዜ ድንኳኑም፣ ብረት ድስቱም፣ ወንበሩም እንደ ደንቡ ሄዶላታል። በስብሰባው ላይ ግን ስሟ ተነሣ። የዕድሩ ዳኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ብሩንማ አጉድለሽ አታውቂም፤ ሰው ቤት ግን አትደርሺም» አሏት። ከኋላ የተቀመጡ እናት «እኛ ብር አይደለም የጎደለን፣ አንቺን ነው» ሲሉ ጨመሩ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «ሥራ ነው እማማ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም። የትኛው ኢንሹራንስ ነው ዓረቦኑን በወቅቱ የከፈለ ደንበኛውን «ለምን አልመጣህም?» ብሎ የሚወቅሰው?

ስለ ደንቡ ይዘትም ጥቂት ልበል። የኢንሹራንስ ዓረቦን በአደጋው መጠን ይሰላል። በተቀመጥኩበት ዕድር ግን የሰባ ዓመቱ አዛውንትና የሠላሳ ዓመቱ ወጣት እኩል ያዋጣሉ፤ ካሳውም እንደ ዝምድናው ቅርበት እንጂ እንደ ደረሰው የገቢ ጉዳት አይደለም። ቅጣትም ሁለት ዓይነት ነው፤ ለዘገየ መዋጮና ለቀብር ቀሪ። የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወደ መካነ መቃብር ይወርዳል፤ ሥርዓቱ ሲያበቃ ስም ይጠራል፤ «አቤት» ያላለ ቀሪ ይባላል። ሕግ አውጪውም፣ ሳያስበው ይሁን አስቦ፣ ከእኔ ወገን ነው፤ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001ም ሆነ እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርን ከተፈጻሚነታቸው ውጭ አድርገዋል፤ ኢንሹራንስ ቢሆን ኖሮ ፈቃዱን ከብሔራዊ ባንክ በጠየቀ ነበር።

የሚጠበቀው ተቃውሞ አንድ ነው፤ በቅጣት የሚገኝ ደግነት ደግነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ተቃውሞው ጥልቅ ይመስላል እንጂ አይደለም። ልጅ በቁጣ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ይማራል፤ አድጎ ሰላም ሲል ግን አስመሳይ አንለውም። ሰው ጎረቤቱን ሲያለቅስ ለማየት መጀመሪያ እዚያ መገኘት አለበት፤ ቅጣቱ የሚያስገድደው እግሩን ነው፤ ሆዱ የሚባባው እዚያው ደርሶ ነው። የቀድሞ ሰፈራቸውን ዕድር ሳይለቁ አዲሱንም የሚገቡትን የጀሞ ነዋሪዎች አንሥቶ «እንግዲህ ሁለት ኢንሹራንስ ገቡ» የሚለኝ ሰው ካለ፣ በቀብር ቀን በሁለት ታክሲ ከተማውን የሚያቋርጡት ለምን እንደሆነ እርሱ ያስረዳኝ።

ይህን የምጽፍበት ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ ከሌለው የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ ሰው ሳይሄድ መልእክቱ በነፋስ የሚሄድበት ሰፈር ማለት ነው። መገኘት ከመላክ እንደሚበልጥ ለመሟገት እዚህ መቆሜን እንደ ቀልድ ብወስደው ይፈቀድልኝ።

የመጨረሻው ማስረጃ በታቀደ ጥናት ሊገኝ የማይችል ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በርከት ብሎ መሰብሰብ ተከለከለ። ዕድር በፍሬ ነገሩ መድን ከሆነ አዋጁ ብዙም ሊነካው አይገባም ነበር፤ ብር በስልክም ይላካል። ቀጥሎ የምለው ከአንድ መዝገብ የተወሰደ ነውና ለሁሉም ዕድር ይሠራል አልልም፤ ነገር ግን ስብሰባው ላይ የተቀመጥኩበትን ዕድር መዝገብ ገልጬ አይቻለሁ። በእነዚያ ወራት ገጾች ላይ የክፍያው ዓምድ ሙሉ ነው። ሐዘንተኞቹ ግን የሚያወሩት ስለ ደረሳቸው ብር አይደለም፤ አንዱ አባል «አባቴ ሰው ሳያለቅስላቸው ሄዱ» ብለውኛል። ክልከላው ከላላ በኋላ ጎረቤቶች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ድንኳን ሳይኖር፣ ወራት ላለፈው ሐዘን በር እያንኳኩ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ይህን የሚያዝ ደንብ አልነበረም፤ ቅጣትም የለበትም። በመዝገቡ ላይ ከክፍያው ቀጥሎ ያለው የመገኘት ዓምድ ባዶ ነው። ጸሐፊው «ቀሪ» ብሎ መጻፍ አልሆነለትም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አስምሮበት አልፏል።