«ያሳስበናል» እየተባለ የተሰቀለው ሰው

የዲፕሎማቶችን መግለጫ የሚከታተል ሰው አንዲት ቃል ሳያውቃት አይቀርም፤ «ያሳስበናል» የምትባለውን። ተቃዋሚ ታስሮ ችሎት ፊት ሲቀርብ የሌላ አገር መንግሥታት «ፍትሐዊ ዳኝነት የማግኘቱ ነገር ያሳስበናል» ይላሉ። እኛም አንብበን እናልፋለን። ለመሆኑ ይህች ቃል ሰው አድና ታውቃለች? ዛሬ ወደ ናይጄሪያ ጎራ ብለን የኬን ሳሮ-ዊዋን ታሪክ እናንሣ። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሳሮ-ዊዋ ደራሲ ነበር። በ1980ዎቹ ናይጄሪያውያን «ባሲ ኤንድ ካምፓኒ» በተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማው ብዙ ስቀዋል። ትውልዱ ግን ከኒጀር ዴልታ ኦጎኒዎች ነው። ከ1958 ጀምሮ ነዳጅ የተገኘበት መሬታቸው ለነሱ የተረፋቸው ዘይት የጠጣ እርሻና የጋዝ ጭስ ሆነ። በጃንዋሪ 1993 ሳሮ-ዊዋ የሚመራው ንቅናቄ ወደ 300,000 የሚገመት ሕዝብ በሰላም አደባባይ አወጣ። በዚያው ዓመት ሼል ከኦጎኒ ምድር ሥራውን አቁሞ ወጣ።

ሜይ 21 ቀን 1994 አራት የኦጎኒ ባላባቶች በተቆጣ ሕዝብ ተገደሉ። ሳሮ-ዊዋ በቦታው አልነበረም፤ ያን ዕለት ወታደሮች ከመንገድ መልሰውታል። በማግስቱ ግን «ግድያውን አነሣሥተሃል» ተብሎ ተያዘና ያለ ክስ ለወራት ታሰረ።

እስኪ ችሎቱን እንየው። የጄኔራል ሳኒ አባቻ መንግሥት ጉዳዩን ለመደበኛ ፍርድ ቤት አልተወም፤ ልዩ ችሎት አቋቋመ። ከዳኞቹ አንዱ የጦር መኮንን ነበር። ይግባኝ የለም። ፍርዱን የሚያጸድቀው ያው ወታደራዊ ምክር ቤት ነው። ሁለት የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ጉቦ ተሰጥቷቸው እንደመሰከሩ በቃለ መሐላ ገለጹ። ጋኒ ፋዌሂንሚን የመሳሰሉ ዕውቅ ጠበቆች «ይህ ዳኝነት አይደለም» ብለው ችሎቱን ጥለው ወጡ። ሂደቱን በአካል የታዘበው እንግሊዛዊ ጠበቃ ማይክል ቢርንባም ደግሞ በ1995 አጋማሽ፣ ማለትም ፍርዱ ከመሰጠቱ ከወራት በፊት፣ ጉድለቱን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ሪፖርት አወጣ። እንግዲህ «አላወቅንም ነበር» ማለት አይቻልም።

ያወቁትስ ምን አደረጉ? አሳሰባቸው። ተማጸኑ። ኔልሰን ማንዴላ እንኳ በጸጥታ ማግባባትን መረጡ። በኦክቶበር መጨረሻ የሞት ፍርድ ተሰጠ፤ ኖቬምበር 8 ጸደቀ። ኖቬምበር 10 ቀን 1995 ሳሮ-ዊዋና ስምንት ጓደኞቹ ፖርት ሃርኮርት ውስጥ ተሰቀሉ። የኮመንዌልዝ መሪዎች በዚያው ቀን ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ላይ ስብሰባ ጀምረው ነበር።

ቁጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ናይጄሪያ በማግስቱ ከኮመንዌልዝ ታገደች። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር ድርጊቱን በፍርድ ስም የተፈጸመ ግድያ አሉት። አሜሪካና የአውሮፓ አገሮች አምባሳደሮቻቸውን ጠሩ። ማንዴላም የነዳጅ ማዕቀብ ይጣል አሉ፤ አልተጣለም። የኛ ሰው ይህን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይለዋል።

ታዲያ ሥጋት መግለጽ ዋጋ የለውም እንበል? አንልም። ችሎት ውስጥ ተቀምጦ የተጻፈ ነገር ከገዳዩ ዕድሜ ይረዝማል። በ1996 የተባበሩት መንግሥታት ልዑክ ሄዶ የችሎቱን ግድፈት አረጋገጠ። አባቻ በ1998 ሞተ። በ2009 ሼል ጥፋቱን ሳያምን ለቤተሰቦቹ ክስ መቋጫ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ ለዘጠኙ ሟቾች ይቅርታ አደረጉ፤ የክብር ኒሻንም ሰጡ። ተቆርቋሪዎቻቸው ግን «ይቅርታ ላጠፋ ሰው ነው፤ እኛ የምንፈልገው ነጻ መባላቸውን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ወረቀቱ ስምን ሊያድን ይችላል፤ አንገትን ግን አላዳነም።

የእገዳው ሐሳብ ከኖቬምበር 10 በኋላ ሳይሆን በፊት በግልጽ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ አባቻ ይመለስ ነበር ወይ? ማንም ሊምልልን አይችልም። አለመሞከሩን ግን እናውቃለን። ስለዚህ ወደፊት «ያሳስበናል» የሚል መግለጫ ስናነብ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ችሎቱ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ታዛቢ አለ? ካልተሰማችሁስ ምን ታደርጋላችሁ?