«ኮራጌትድ» የተባለው ቃል አመጣጥና አገባብ

ሠልጣኝ መምህራን «ኮራጌትድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ «ቆርቆሮ ማለት ነው» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ከልምድ የመነጨ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ቃሉ የዕቃውን ቅርጽ እንጂ ዕቃው የተሠራበትን ነገር አያመለክትምና።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ሩጋ» የቆዳ ጭምዳድ ሲሆን፣ ከዚሁ የወጣው «ኮሩጋሬ» ማጨማደድ ወይም መሸብሸብ ማለት ነው። ቃሉ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ከጣራ ክዳን ጋር አንዳችም ግንኙነት አልነበረውም። ዛሬም በሥነ አካል ትምህርት ቅንድብን አቀራርቦ ግንባርን የሚያጨማድደው ጡንቻ «ኮራጌተር» ይባላል።

ቃሉን ከብረት ጋር ያቆራኘው የኢንዱስትሪ ዕድገት ነው። የለንደን ወደብ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር በ1829 (እ.ኤ.አ.) ሸንተረር ያለውን የብረት ዝርግ ለሕንፃ ጣራ ለማዋል የፈጠራ መብት አገኘ። በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ እየሸፈኑ ከዝገት የመከላከያውን ዘዴ አስመዘገበ። ሁለቱ ሲጣመሩ ቀላል፣ ጠንካራና ለመጓጓዝ አመቺ የሆነ ክዳን ተገኘ። ወረቀትም በተራው ተሸብሽቦ በ1856 በእንግሊዝ አገር ለባርኔጣ ገበር፣ በ1871 በአሜሪካ ለጠርሙስ መጠቅለያ እንዲሆን የፈጠራ መብት ተሰጠው።

በአገራችን ባቡር በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ክዳን በከተማዪቱ እየተስፋፋ ሄደ። ሕዝቡም ክዳኑን «ቆርቆሮ» ሲል በቅርጹ ሳይሆን በተሠራበት ነገር ጠራው። ስለዚህም ሸንተረር የሌለው ጣሳ ቆርቆሮ ሲባል፣ በውስጡ ሸንተረር ያለው ካርቶን ግን በዚህ ስም አይጠራም።

ይህ ልዩነት ለማስተማር ሥራ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። ቃሉን «ቆርቆሮ» ብሎ የያዘ ተማሪ ክዳኑ ስለምን እንደ ተሸብሸበ አይጠይቅም። መምህሩ ግን አንድ ዝርግ ወረቀት በሁለት መጻሕፍት መካከል አጋድሞ እርሳስ ቢያስቀምጥበት ወረቀቱ ይጎብጣል፤ ያንኑ ወረቀት እንደ ሽብሽብ ቀሚስ አጣጥፎ ሸንተረሩን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ቢያጋድመው እርሳሱን ይሸከማል። የወረቀቱ መጠን አልጨመረም፤ የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው።

ስለሆነም የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች «ሽብሽብ» የሚለውን አገርኛ ቃል ለቅርጹ፣ «ቆርቆሮ» የሚለውን ለተሠራበት ነገር ቢያውሉ፣ ተማሪው ቃሉን ከመሸምደድ አልፎ ምሥጢሩን ይረዳል።