ወደብን መክበብ ጦርነት ነውን?

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ርዕስ ከቤታችን ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። የጦር መርከቦች አንድን ወደብ ከበው የሚገባውንም የሚወጣውንም ቢያግዱ፣ ጥይት ባይተኮስም እንኳ ጦርነት ተጀመረ ይባላልን? «እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» የሚል ካለ ቃሊቲ መንገድ ዳር ጥቂት ይቁም። ከጅቡቲ ዘይትና ስንዴ የጫነው ተሳቢ በደጃችን ያልፋል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርም የሚገባው በአቃቂ በኩል ነበር።

በቅድሚያ ማዕቀብና ከበባ እንዳይምታቱብን። ማዕቀብ «አልሸጥልህም፣ አልገዛህም» ማለት ነው። ከበባ ግን ሌላው የሚሸጥልህንም በመድፍ አስፈራርቶ መመለስ ነው። የመጀመሪያው የነጋዴ ኩርፊያ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው የወታደር ሥራ ነው።

ለዚህ የቅርብ ምሳሌያችን ጅቡቲ ናት። እ.ኤ.አ. በ1940 ፈረንሳይ በጀርመን ስትሸነፍ፣ ያኔ የፈረንሳይ ግዛት የነበረችው ጅቡቲ ለጀርመን ባደረው የቪሺ መንግሥት ሥር ቀረች። እንግሊዝ ወደቧን ከበበች። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከአገራችን ሲባረር ደግሞ ከበባው በየብስም ጠበቀ። ልብ በሉ፤ እንግሊዝና ቪሺ አንዱ በሌላው ላይ ጦርነት አላወጁም ነበር። ወረቀቱ ላይ ሰላም ነው፤ ከተማው ውስጥ ግን ረሃብ ገብቷል። ከየመን በጀልባ ሾልኮ ከሚመጣው ጥቂት እህል በቀር የሚገባ አልነበረም። ብዙ ሰው ከተማውን ጥሎ ወደ ገጠር ወጣ። ሕዝቡ ያንን ዘመን «ካርሚ» ብሎ ሰየመው፤ ካርሚ ለከብት የሚሰጥ የማሽላ ዓይነት ነው። ስሙ ብቻውን ታሪኩን ይናገራል። ተጣይዎቹ ሁለቱ የአውሮፓ መንግሥታት ሲሆኑ፣ የከብት መኖ የበሉት ግን ዒሳው፣ ዐፋሩና ዐረቡ ሙስሊም ናቸው። ከበባው ያበቃው ከተማዋ በታኅሣሥ 1935 ዓ.ም. እጅ ስትሰጥ ነው።

የዓለም ሕግስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1856 የፓሪስ ስምምነት፣ ከበባ በቃል ብቻ ሳይሆን በበቂ ኃይል ካልተፈጸመ አይጸናም ብሎ ደነገገ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ በ1974 ባወጣው 3314ኛ ውሳኔ፣ የአንድን አገር ወደብ ወይም ጠረፍ በጦር ኃይል መክበብን ከወረራ ድርጊቶች ቆጠረው። ኃያላኑ ይህን ስለሚያውቁ ስም ይቀይራሉ። አሜሪካ በ1962 ኩባን በመርከብ ስትከብብ «ኳራንቲን» አለችው፤ ለበሽተኛ የሚባለውን ማለት ነው!

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1967 ግብጽ የቲራንን ሰርጥ ለእስራኤል መርከቦች ስትዘጋ፣ እስራኤል «ይህ የጦርነት ድርጊት ነው» ብላ በሰኔ ወር ጦርነት ከፈተች። ያቺው አገር በ2009 የጋዛን ባሕር በመርከብ ዘጋች። በ2010 እርዳታ ይዛ ወደ ጋዛ ስታመራ በነበረችው በማቪ ማርማራ መርከብ ላይ ወታደሮቿ ዘጠኝ ሰዎች ገደሉ፤ አሥረኛው ቆስሎ ቆይቶ ሞተ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት የላካቸው አጣሪዎች ከበባው ሕገ ወጥ ነው አሉ። በዋና ጸሐፊው የተቋቋመው ሌላ ቡድን በበኩሉ የባሕሩ ከበባ ሕጋዊ ነው፣ የተወሰደው የኃይል እርምጃ ግን ከመጠን አልፏል አለ።

እኛ ከበባ ጦርነት ነው እንላለን። ይህን ስንል ግን ከበባ ሁሉ ሐራም ነው ማለታችን አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የኸይበርን ምሽጎች ከበዋል። ጦርነት ከተባለ ግን ወሰን አለው፤ ስሙን የሚሸሹትም ከወሰኑ ለማምለጥ ነው።

ወሰኑን ከሱማማ ኢብን ኡሣል (ረ.ዐ) ታሪክ እንይ። የየማማ አለቃ የነበረው ሱማማ ተማርኮ መዲና መስጂድ ውስጥ ከምሰሶ ታሰረ። በሦስተኛው ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያለ ካሳ ለቀቁት፤ ሄዶ ታጥቦ ተመለሰና ሰለመ። ለዑምራ መካ ሲገባ ቁረይሾች ተሳለቁበት። እሱም ያለ ነቢዩ ፈቃድ አንዲት የስንዴ ፍሬ ከየማማ እንደማትመጣላቸው ማለ። መካ እህል የማይበቅልባት ሸለቆ ናትና ቶሎ ተቸገሩ።

እነዚህ ቁረይሾች እነማን ናቸው? በኒ ሃሺምን ከነሕፃናቱ በአቡ ጧሊብ ሸለቆ ሦስት ዓመት ያህል ያስራቡ፣ ሐኪም ኢብን ሒዛም ለአክስቱ ለኸዲጃ (ረ.ዐ) ስንዴ ሲወስድ አቡ ጀህል መንገድ ላይ ያስቆመባቸው ናቸው። አሁን ተራው ደረሰባቸውና ዝምድናን እያነሱ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደብዳቤ ጻፉ። ነቢዩም እህሉን እንዲለቅላቸው ለሱማማ ጻፉለት። ስንዴው ወደ መካ ሄደ። ቁረይሾች ያኔ ገና አልሰለሙም፤ መካም የተከፈተችው ከዚያ በኋላ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው።