ልጓም የሚሻው አምፕሊፋየር

የድሮዋን ሞባይላችሁን ስፒከር አጠገብ አስቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? መልእክት ሊገባ ሲል ስፒከሩ «ድድት ድድት ድድት» ይላል። በእጃችን የገጣጠምናት ባለ ቺፕ አምፕሊፋየር ደግሞ ከሁሉም የባሰች ወሬኛ ነበረች። ጥፋቱ ግን የስልኩ አልነበረም፤ «ምንም ድምፅ አይቅርባት» ብለን በሯን ወለል አድርገን የከፈትነው እኛው ነን።

ነገሩ የሚጀምረው ከጀልባ ላይ ነው። ኦገስት 2 ቀን 1927 እ.ኤ.አ. የቤል ላብራቶሪው መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሥራ ሲሄድ፣ በያዘው ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ አንድ ሐሳብ ጫረ፦ ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ። ስሕተቱን ራሱ ያርማል! ኔጌቲቭ ፊድባክ የምንለው ይኸው ነው። ነገር ግን እርማት ጊዜ ይፈልጋል። ሲግናሉ ከአምፕሊፋየሩ ፈጥኖ ከመጣ፣ እርማቱ የሚደርሰው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

ይህን ጉዳይ በ1970 አጥብቆ ያነሳው ፊንላንዳዊው ማቲ ኦታላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ጦፈ። ገሚሱ «ፊድባክ ይቀነስ» አለ፤ ገሚሱ «አምፕሊፋየሩ በቂ ፍጥነት ካለው፣ መግቢያውም ላይ ማጣሪያ ከተደረገ ፊድባክ ምን በደለ?» አለ። እኛ ከሁለተኞቹ ጋር ነን።

በ1999 የጃፓኑ ጁንጂ ኪሙራ ጌንካርድ የተባለችውን ባለ 25 ዋት አምፕሊፋየር አወጣ። ዋጋዋ ኪስ ያራቁታል። ሲከፍቷት ግን ውስጧ የናሽናል ሴሚኮንዳክተር ኤልኤም3875 ቺፕ ተገኘ፤ በጥቂት ዶላር የሚሸጥ! የቤት ውስጥ ሠሪዎች ኮርጀው «ጌንክሎን» አሏት። ከኮራጆቹ አንዱ እኛ ነን። ብዙዎቻችን «ክፍሎች ባነሱ ቁጥር ድምፁ ይጠራል» ብለን የመግቢያውን ማጣሪያ ጭምር ጣልነው።

እስቲ እናስላው። በ8 ኦም ስፒከር ላይ 25 ዋት ማለት በጫፉ 20 ቮልት ነው። ጆሮ የሚሰማው የመጨረሻ ቀጭን ድምፅ፣ 20 ኪሎኸርዝ፣ በዚህ ከፍታ የሚጠይቀው ፍጥነት በማይክሮ ሰከንድ 2.5 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። የቺፑ ፍጥነት ደግሞ በአምራቹ ሰነድ 11 ቮልት ነው። ስለዚህ ሙዚቃ አያስቸግራትም፤ የሚያስቸግራት ከሙዚቃው ጋር ተደብቆ የሚገባው ነው።

መግቢያው ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ከእሱ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ 2.2 ናኖፋራድ ካፓሲተር አደረግን። መቁረጫው 72 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይሆናል። አሁን መውጫው በድንገት ከዜሮ ወደ 20 ቮልት እንዲዘል ቢታዘዝ እንኳ የሚጠየቀው ፍጥነት ከ9 ቮልት ብዙም አያልፍም፤ ቺፑ ይደርስበታል። በ20 ኪሎኸርዝ የምናጣው 0.3 ዴሲቤል ያህል ነው። (ሰማሁት የሚል ካለ ቡና እንጋብዘዋለን።)

ካፓሲተሩን መጀመሪያ ረጅም እግሩን ሳንቆርጥ፣ ከቺፑ ርቆ በየድነው ነበር፤ «ድድት» አልጠፋም። እግሩን አሳጥረን ከቺፑ ሥር አስጠጋነው። ከዚያ ወዲህ መልእክት መግባቱን የምናውቀው ስልኩ ራሱ ሲጮህ ነው።