66 እና 358

የመብራትና የስልክ ምሰሶ ምስጥና ዝናብ ሳይበላው ለዓመታት እንዲቆም እንጨቱ አስቀድሞ መድኃኒት ይጠጣል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ በፔንሳኮላ ከተማ፣ ኤስካምቢያ የተባለ የእንጨት ማከሚያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1982 ይህን ሥራ ሠርቷል። የሚጠቀመውም ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ክሪዮሶት በተባለ ጥቁር ዘይትና ፔንታክሎሮፌኖል በተባለ ኬሚካል ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍሳሹ የሚጠራቀመው ወለሉ ባልተለበጠ ጉድጓድ ስለነበር ወደ ታች ሰረገ። ክሪዮሶት ከውኃ ይከብዳል፤ ከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ሰምጦ ለአሥርት ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ይሟሟል። የከተማዋ ሰው የሚጠጣው ደግሞ ከአሸዋና ከጠጠር ንብርብር የሚወጣ የጉድጓድ ውኃ ነው።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1991 ከስሮ ቦታውን ጥሎ ሄደ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መርዙ ወደ ውኃው መውረዱን ለማስቆም 195 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ አፈር አስቆፍሮ እዚያው ከመረና በፕላስቲክ ሸፈነው። አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑት ሰፈርተኞች ክምሩን «የዳዮክሲን ተራራ» አሉት። ቁፋሮው ዓይናቸውንና ቆዳቸውን እንዳቃጠላቸው፣ ትንፋሽም እንዳሳጠራቸው ተናገሩ።

ጡረታ የወጡት መምህርት ወይዘሮ ማርጋሬት ዊሊያምስ ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በተቋቋመው ማኅበር አማካይነት «ሰፈሩ በሙሉ ይነሣ» ሲሉ ተከራከሩ። ኤጀንሲው መጀመሪያ ያቀረበው ለክምሩ ቅርብ የሆኑትን 66 ቤተሰቦች ብቻ ለማንሣት ነበር። ማኅበሩ አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤጀንሲው 358 ቤተሰቦችን ለማዛወር ወሰነ።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ደጋግመን የተመለስንበት ቁጥር 66 ነው። እነዚያ ቤተሰቦች «ለእኛ ደርሶናል» ብለው ቢለዩ ኖሮ፣ የቀሩት 292 ድምፃቸው በሳሳ ነበር። ደግሞስ ከመሬት በታች የሚሄድ ውኃ የማንን ግቢ ከማን ይለያል? ፋብሪካው ከተዘጋ ከ25 ዓመት በኋላ እንኳ፣ ነዋሪው ለቆ ከሄደ ወዲያ፣ ኤጀንሲው የከርሰ ምድሩን ውኃ ለማጽዳት ገና ዕቅድ ያወጣ ነበር።

እኛም አንድ ቀን ለጥቂቶቻችን ብቻ የሚሆን ነገር ሲቀርብልን፣ ለመፈረም ከመቸኮላችን በፊት የሚቀሩት ስንት እንደሆኑ እንቁጠር።